ድምፁ በቀኝ በኩል ተሰማ

መካነ ብርሃን፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ ሐዲጃ፣
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የስፌት ሱቁስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ቁጣዎንም አያሳጣን።

«በዚህ ዘመን ደብዳቤ? ይቺ ልጅ ምን ነካት?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እዚህ ኔትወርኩ አስቸጋሪ ነው። ደጋግመው እንደደወሉልኝ ወንድሜ ኸሊል በስልክ ጽፎልኛል፤ ግን አይያዝም፣ ቢያዝም ይቆራረጣል። በስልክ የሚጻፈውን ደቃቃ ፊደል ደግሞ ዓይንዎ እንደማይወደው አውቃለሁ። ስለዚህ በትልልቁ እየጻፍኩ ለሾፌሩ ለአያ ፋንታሁን እሰጣለሁ፤ እሱ በደባርቅ አድርጎ ጎንደር ሲወርድ አዲስ ዓለም ሰፈር ኸሊል ሱቅ ያደርስልኛል፤ ኸሊልም ዑምራ ለሚሄድ ሰው ያስይዘዋል። እኔ ደህና ነኝ፤ አያስቡ።

ዘንድሮ የዐሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ይዣለሁ። ሞገድ፣ ድምፅና ብርሃን አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት የጭነት ገመድ ተውሼ ወደ ክፍል ገባሁ። አንዱን ጫፍ ዓይናዲስ የምትባል ተማሪዬ ያዘች፤ ሌላውን እኔ ይዤ አንዴ ወደ ላይ ሳብ አደረግሁት። ሞገዱ እየተጥመለመለ ሄዶ እጇን ሲመታት ደንግጣ፣ «ቲቸር፣ ገመዱ እዚያው ቀርቶ ምቱ ብቻ መጣብኝ!» አለች። አክስቴ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ላስረዳ ያሰብኩትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰችው።

አንድ አዲስ ዘዴም ጀምሬያለሁ። ተማሪ ጥያቄ ሲኖረው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጠኛል፤ እኔ አንብቤ እመልሳለሁ። ርዕሰ መምህሩ በጣም ወዶት ሌሎቹም መምህራን እንዲሠሩበት በስብሰባ ተናገረ።

ኑሮዬ ሸጋ ነው፣ እንደ እዚህ ሰዎች ልናገርና። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት እቴ የትነበርሽ እንደ ልጇ ነው የምታየኝ። ለእኔ የተለየ ድስት ገዝታ ሥጋ የነካው እንዳይነካው ትጠብቀዋለች፤ ጾም ሲገባ ግን ከአንድ ትሪ እንበላለን። በመስከረም መጨረሻ ብርድ መትቶኝ ቀኝ ጆሮዬን ክፉኛ ሲያመኝ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ቀጥቅጣ፣ በጥጥ ጠቅልላ ከተተችልኝ። በማግስቱ ጥጡን አወጣችው፤ ሕመሙም ተወኝ። አሁን ደህና ነኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እዚያ የትምህርት መሣሪያ የሚሸጥበት ቦታ ካለ ሁለት ነገር ይፈልጉልኝ። አንዱ ፕሪዝም የሚባል ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት ነው። ሁለተኛው ቱኒንግ ፎርክ ነው፤ ሁለት ጣት ያለው፣ ሲመቱት ቆይቶ የሚዘምር ብረት። ለድምፁ ምዕራፍ እፈልገዋለሁ፤ አይቸኩልም።

ልጅዎ ረውዳ


ጅዳ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለረውዳ ዐብዱልከሪም፣

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ደብዳቤሽ ከአንድ ወር በላይ ተጉዞ ደረሰኝ። በእግሩ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ጉልበቴ እንዳለ ነው፤ ሱቁም እንዳለ ነው፤ እኔም እንዳለሁ ነኝ። አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ከውሸትም ይጠብቅሽ።

ከውሸት ያልኩት በምክንያት ነው። ኔትወርክ ከሌለ የኸሊል መልእክት በምን ደረሰሽ? በእርግብ? ደግሞም በአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ «ደህና ነኝ» ብለሻል። ደህና የሆነ ሰው አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ጥያቄን በወረቀት መቀበልስ ምን ማለት ነው? እኔ መምህር አይደለሁም፤ ግን የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አፍ እያለው ወረቀት የሚቀድድበት ምክንያት አይገባኝም።

ረውዳ፣ እኔ የአባትሽ እህት ነኝ። ወንድሜ ዐብዱልከሪም እንዴት እንደጀመረው አውቃለሁ። በመጀመሪያ «መስመሩ ይጮኻል» አለ። ከዚያ «ሱቅ ውስጥ ሰው በዝቶብኝ ነው» አለ። ከዚያ ደንበኛው ስንት ሜትር ጨርቅ እንደፈለገ በጣቱ እንዲያሳየው ማድረግ ጀመረ። በመጨረሻ ሱቁን ለኸሊል ሰጥቶ ቤት ተቀመጠ። ሁላችንም ኩራት መሰለን።

በሰባት ዓመትሽ ኩፍኝ ይዞሽ ግራ ጆሮሽ ከዚያ ወዲያ ደካማ እንደሆነ የረሳሁ እንዳይመስልሽ። በቀኙ ነበር የምትኖሪው። አሁን ቀኙን አሞኝ ነበር ትይኛለሽ።

ቀጥ ብዬ እጠይቅሻለሁ፤ ቀጥ ብለሽ መልሽልኝ። ትሰሚያለሽ ወይስ አትሰሚም?

ሹካሽን እየፈለግሁ ነው። ባለሱቁን «የሚዘምር ሹካ አለህ?» ብለው በአዘኔታ ዓይን አየኝ።

አክስትሽ ሐዲጃ


መካነ ብርሃን፣ ጥር 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ያክብርዎ። ደብዳቤዎን አያ ፋንታሁን ከማኪናው ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ አነበብኩት፤ አለቀስኩ፤ ከዚያ ቀለለኝ። ከእንግዲህ የምዋሽለት ሰው አንድ ቀነሰ።

አልሰማም፣ አክስቴ። ግራዬን ያውቁታል። ቀኜ ከጥቅምት ጀምሮ በር እንደተዘጋበት ቤት ሆኗል። ሰው አጠገቤ ቆሞ ጮክ ብሎ ሲናገር እሰማለሁ፤ ትንሽ ራቅ ካለ ከንፈሩን ነው የማነበው። ስልክ ላይ ከንፈር የለም። ለዚህ ነው ደብዳቤ የወደድኩት።

ክፍል ውስጥ የምሠራውን ልንገርዎ፤ ይሳቁብኝ። የመጽሐፉን ቅደም ተከተል አዙሬ ብርሃንን ከድምፅ አስቀደምኩ። ብርሃን ይታያላ! በመስታወት ስባሪ የፀሐይን ጨረር ወደ ጥቁር ሰሌዳው እየመለስኩ፣ በውኃ ብርጭቆ ውስጥ እርሳስ እየሰበርኩ ሁለት ወር አለፍኩ። ድምፁን ግን እስከ መቼ አሳድረዋለሁ? ባለፈው ሳምንት ጀመርኩት። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ገደል አለ፤ ማዶው ላይ አንድ ሰው እንጨት ይፈልጣል። መጥረቢያው ሲያርፍ ይታያል፤ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ርቀቱን ከስልኬ ካርታ ላይ ወሰድን። እኔ መጥረቢያው ሲያርፍ ሰዓቱን አስነሣለሁ፤ ተማሪዎቹ ድምፁን ሲሰሙ እጃቸውን ያነሣሉ፤ እጃቸውን አይቼ ሰዓቱን አቆማለሁ። ደጋግመን ለክተን አካፈልን፤ በሴኮንድ ሦስት መቶ ሠላሳ ሜትር ገደማ ወጣ። ሸጋ ውጤት ነው። ልጆቹ እየጨፈሩ ወረዱ። ከሠላሳ ስምንት ተማሪ ጋር ቆሜ ያን ድምፅ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሁን ርዕሰ መምህሩ ጠርቶኝ፣ በደግነት፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ «ከሚያዝያ ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱን ብትይዥልን ምን ይመስልሻል? ጸጥ ያለ ነው» አለኝ። እንዳስብበት እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶኛል። አባቴን ጸጥ ያለ ቦታ ምን እንዳደረገው አይቻለሁ። ክፍሌን ከለቀቅሁ እኔም እንደሱ ነው የምሆነው፤ ደግሞ ገና ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው።

«ሐኪም ቤት ሂጂ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አባቴን ይዤው የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ «ነርቩ ሞቷል፤ መድኃኒት የለውም» ሲል አባቴ አልሰማም፤ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። በወረቀት ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያን ወረቀት ለራሴ መጻፍ አልፈልግም። እስካልተነገረኝ ድረስ ክፍሌ የእኔ ነው።

ለኸሊል አይንገሩብኝ። ሹካውንም ይተዉት፤ ከእንግዲህ ለማን ይዘምራል?

ረውዳ


ጅዳ፣ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለረውዳ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። አላህ ልብሽን ያስፋው፤ የእኔንም።

ሹካውን አግኝቻለሁ፤ አልተውም። አብሮ ፕሪዝሙም አለ። ለሙከራ ሱቄ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ መትቼ አዳመጥኩት፤ የምትሰፋልኝ ልጅ ማሽኗን አቁማ «ምንድነው?» አለች። ብረቱ እጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ ሲዘምር የሰው ነፍስ ያለው ይመስላል። ዕቃውን አስተማማኝ ሰው ይዞታል፤ አያ ፋንታሁን እንዳይጥለው ንገሪው።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ።

ባለቤቴ እዚህ ጅዳ የሞተ ዕለት መጀመሪያ የደወልኩት ለአባትሽ ነው። ከእናት አባታችን ወዲህ እሱ ብቻ ነበረኛ። «ወንድሜ፣ ሞተብኝ፤ ብቻዬን ቀረሁ» አልኩት። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሺ፣ እሺ፣ ደግ ነው። አልሐምዱሊላህ» አለኝ። እንደገና ነገርኩት። «በጣም ጥሩ፣ ሰላም በይልኝ» አለ። ስልኩን ግድግዳው ላይ ወርውሬ ሰበርኩት። በኋላ ከሰው ሰምቶ ደወለ፤ አላነሣሁም። ሰው ላከ፤ አልተቀበልኩም። አራት ዓመት ሙሉ፣ እስኪሞት ድረስ፣ አንድ ቃል አልተናገርኩትም። መስማት እንዳቆመ ኸሊል የነገረኝ ከቀብሩ በኋላ፣ የዛሬ አራት ዓመት ነው። እሱ አልሰማሁም ለማለት አፈረ፤ እኔ ለመጠየቅ ኮራሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የደበቀ ሰው ዘመድም ያጣል፤ ይህንን ደግሞ እኔ ልጨምርበት።

ስለዚህ አልቆጣሽም፤ እለምንሻለሁ። ሄደሽ ታዪ። ነርቩ ሞቷል ካሉሽ ያንን ወረቀት እኔ እጽፍልሻለሁ፤ በትልልቁ። ከዚያም የሚሆነውን አብረን እናደርጋለን። መስሚያ መሣሪያ ያስፈልጋል ቢሉሽ የእኔ ጣጣ ነው። ግን ሳታውቂ ቤተ መጻሕፍት እንዳትገቢ።

አክስትሽ ሐዲጃ


መካነ ብርሃን፣ መጋቢት 7 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ። ሰላምታዬን አሳጥሬ ልግባ።

ስለ አባቴ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ቤታችን ውስጥ ስለዚያ ስልክ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ትዝ ይለኛል፤ አንድ ሰሞን አባቴ «ሐዲጃን ምን ብያት ይሆን?» እያለ ይጠይቀን ነበር። መልሱን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ዕቃው ትናንት ደረሰ፤ ዛሬ ክፍል ይዤው ገባሁ። ተዉት ብልም ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ሥዕሉን ስለው ስድስት ሳምንት ጠብቀውታል፤ እንዴት እደብቀዋለሁ? በመጀመሪያ መትቼ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ውኃው ተረጨ፤ ሳቁ። ይህንን በዓይን ማስተማር ይቻላል። ከዚያ ድምፅ ሁለት መንገድ እንዳለው ነገርኳቸው፤ በአየር በኩል በጆሮ ቀዳዳ ይገባል፤ በአጥንት በኩልም ይገባል። እየመታሁ የሹካውን እግር በየተራ ግንባራቸው መካከል አሳረፍኩት። «የት ይሰማችኋል?» ስል ሁሉም «መሐል!» አሉ። ቀጥዬ አንድ ጆሯቸውን በጣት እንዲደፍኑ አደረግሁ። አሁን ድምፁ ወደ ተደፈነው ጆሮ ዞሮ ጎላ። ግራ ተጋቡ፤ ሲደፈን መቀነስ አልነበረበትም? ያው በአጥንት የገባው ድምፅ በተዘጋው ቀዳዳ መውጫ ስለሚያጣ ነው ብዬ አስረዳሁ፤ ቤት ውስጥ ሲዘፍኑ በር ከተዘጋ ዘፈኑ ውስጡን እንደሚሞላው።

ዓይናዲስ እጇን አወጣች። ወረቀት አልጻፈችም፤ ተነሥታ ወደ እኔ መጣችና ፊት ለፊቴ ቆማ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን ገልጣ፣ «ቲቸር፣ እርስዎስ? ለእርስዎ የት ይሰማል?» አለች።

ሞክሬው አላውቅም ነበር፣ አክስቴ። ከራሴ ጆሮ ሸሽቼ እንዴት ልሞክር? ግን ሠላሳ ስምንት ሰው እያየኝ ነው። መታሁትና ግንባሬ ላይ አሳረፍኩት።

በቀኝ ሰማሁት። በዚያ በሞተው ጆሮዬ! ከአምስት ወር በኋላ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ፣ ረጅም፣ ንጹሕ ድምፅ።

«በቀኝ» አልኩ።

«ቀኙን በጣት ደፍነውታል?»

«አልደፈንኩም። እጄን እያየሽው!»

ልጅቱ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያማ ሌላ የደፈነው ነገር አለ፣ ቲቸር። ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። ነርቩ የሞተ ጆሮ በአጥንትም አይሰማም። ይህንን ለዓመታት ሳስተምር ኖሬ በራሴ ላይ ማዋል አቃተኝ። ፈርቼ ነበራ!

ምናልባት ተሳስተናል፤ ምናልባት ሹካ ሐኪም አይደለም። ግን የዚያ ወረቀት ፍርሃት ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀቀኝ። ርዕሰ መምህሩን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። በሚመጣው ሳምንት ከአያ ፋንታሁን ጋር ጎንደር እወርዳለሁ። ዱዓ ያድርጉልኝ።

ረውዳ


ጅዳ፣ መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለረውዳ፣

ምነው ዝም አልሽ? ዛሬ ረመዷን ገባ፤ አላህ ይቀበለን። ካለፈው ደብዳቤዬ ወዲህ ወር ሞላ፤ አንድ መስመር የለም። ስለ አባትሽ የጻፍኩት ከብዶብሽ ከሆነ ይቅር በይኝ። መሄድ ካልፈለግሽም አትሂጂ፤ ብቻ ጻፊልኝ። ቤተ መጻሕፍትም ግቢ፤ መጽሐፍ ሰው አይበላም። አሁን የምፈልገው ሹካም ሐኪምም አይደለም፤ «ደህና ነኝ» በይኝ። ሦስት ጊዜም ብትይው አልቆጥርብሽም።

ሐዲጃ


ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለወይዘሮ ሐዲጃ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ! ረመዷን ከሪም! አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። እነሆ ሦስት ጊዜ፤ ይቁጠሩብኝ።

ነጭ ሽንኩርት ነው፣ አክስቴ። ነጭ ሽንኩርት!

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ከመካነ ብርሃን ተነሣን። ኮሶዬ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ቁርስ ሊበላ ወረደ። አያ ፋንታሁን የዐቢይ ጾም ይዞታል፣ እኔ ረመዷን፤ ሁለታችን ማኪናው ውስጥ ተፋጠን ቀረን። «ጆሮሽን አትፍሪ፣ እቴ፤ እግዜር ያውቃል» አለኝ። ለእሱ ነግሬው አላውቅም! «ማን ነገረህ፣ አያ ፋንታሁን?» አልኩት። «ምን ነጋሪ ያሻዋል? ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ጥሩምባ ስነፋ ዞር አትይም» አለኝ።

አርብ ጠዋት ከኸሊል ጋር ሐኪም ቤት ገባሁ። ከመግባቴ በፊት ሁሉንም ነገርኩት፤ አኮረፈኝ፣ ከዚያ እጄን ይዞ አልለቅም አለ። የጆሮ ሐኪሙ ወጣት ነው። መብራቱን ግንባሩ ላይ አስሮ ቀኜን ሲያይ ቆየ፤ ቆየ፤ እንደገና አየ። እኔ «ነርቩ» እስኪል እጠብቃለሁ። ሞቅ ያለ ውኃ በመርፌ ስሪንጅ ረጨ፤ በቀጭን መቆንጠጫ ሳብ አደረገ። ሳህኑ ላይ ያስቀመጠውን አሳየኝ፤ የጠቆረ ጥጥ፣ ከጆሮ ቆሻሻ ጋር የተጋገረ፣ መካከሉ ላይ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች ከጤና አዳም ቅጠል ጋር። አፍንጫውን ይዞ፣ «መምህርት፣ ወጥ ሊሠሩ አስበው ነበር?» አለኝ።

ሰማሁት። ቀልዱን በጆሮዬ ሰማሁት! ሐኪሙን ሳላስበው «ይድገሙት» አልኩት፤ ደገመው።

ለካ እቴ የትነበርሽ በማግስቱ ያወጣችው የላዩን ጥጥ ኖሯል፤ የውስጡ ቀርቷል። ሐኪሙ ግራዬንም መርምሮ ኩፍኙ ከጎዳው አልባሰም አለ። ቀኙ ግን ከቆሻሻው በቀር ምንም አልሆነም፤ ነርቩ የሃያ ዓመት ልጅ ነርቭ ነው። የሹካውን ነገር ስነግረው ሳቁን ትቶ፣ እነሱም በዚያው ሹካ እንደሚመረምሩ ነገረኝ። «ይህን ያለችዎት ተማሪ ስሟ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ኮርቼ ነገርኩት።

ከዚያ ወጥቼ ከተማው ላይ ቆምኩ። ባጃጁ፣ ሻጩ፣ የገዛ ጫማዬ፣ ሻሼ ጆሮዬ ላይ ሲንኮሻኮሽ፣ ይህ ሁሉ ጩኸት የት ነበር? ማታ የመግሪብ አዛን ከመስጊዳችን ሲነሣ ቴምሩን ይዤ ቀረሁ፤ ማፍጠር ረሳሁ። ኸሊል በክርኑ ጎሸመኝ። አለቀስኩ፤ ለአባቴ ነው ያለቀስኩት። የእሱ ሽንኩርት አልነበረማ።

ርዕሰ መምህሩ ጋ ደግሞ በኸሊል ስልክ አስደወልኩ። «ቤተ መጻሕፍቱን ለሌላ ይስጡልኝ» ብሎ ነገረልኝ። ርዕሰ መምህሩም ለካ ያውቅ ነበር፤ ሁሉንም ለኸሊል ነገረው። ለካ ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር! ለካ ወረቀቱን ሲጽፉ የነበሩት የእኔ ዘዴ ሆኖ ሳይሆን፣ እኔ እንዳላፍር ተማክረው ነው። ዓይናዲስ ሹካው ላይ ያን ጥያቄ የጠየቀችው እየፈራች ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ በአምስት ወር ውስጥ ስለ ጆሮዬ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እቴ የትነበርሽ ግን ገና አልሰማችም። ስነግራት የምትለውን ከአሁኑ አውቃለሁ። «ምነው እጄን በቆረጠው!» ብላ ታለቅሳለች፤ ከዚያ እስክትታመም ትስቃለች። ክረምት ላይ ጉሮሮዬን ሲያመኝ ምን እንደምትከትልኝ አላህ ይወቅ።

የጆሮዬ ውስጥ ስለቆሰለ ለሰባት ቀን ጠብታ ታዞልኛል፤ እስከዚያ ስልክ እንዳላስጠጋበትም ተነግሮኛል። ኸሊል አፉን እንዲይዝ አስምዬዋለሁ፤ ከእኔ እንዲሰሙት ስለፈለግሁ ነው። ጎረቤታችን ፈህሚያ ነገ ለዑምራ ትበራለች፤ በእጇ ታደርስልዎታለች።

አክስቴ፣ አሁን አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ከሹካና ከፕሪዝም ሌላ። የሚመጣው አርብ ካፈጠሩ በኋላ ይደውሉልኝ። አነሣለሁ።

ልጅዎ ረውዳ


ጅዳ፣ መጋቢት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለረውዳ፣

ሰላምና የአላህ እዝነት ላንቺ ይሁን፤ ለዓይናዲስም ይሁን፤ ለእቴ የትነበርሽም እንኳ ይሁን።

አሁን ማን ደብዳቤ ይጽፋል? ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ አውርተናል፤ ሁለት ጊዜ ስልኩ ተቋርጦ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ኔትወርኩ እውነትም አስቸጋሪ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። መጋቢት 7 የጻፍሽው ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ከፈህሚያ በኋላ መሆኑ ነው። አያ ፋንታሁንን ሳይሆን አውሮፕላኑን ነው የምወቅሰው። አባትሽ «ሐዲጃን ምን ብያት ይሆን?» ይል እንደነበር ያነበብኩትም ዛሬ ነው።

ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። ትናንት ስልኩ ሊዘጋ ሲል ዝም ያልኩበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ። አንቺ «አክስቴ፣ አሉ?» እያልሽ ትጠሪኛለሽ፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ስልኩን ከአፌ አርቄ፣ እንዳትሰሚኝ ብዬ ነበር ያልኩት። ለአንቺ አልነበረም። የወንድሜን ስም ጠርቼ፣ ከሹክሹክታ ባነሰ ድምፅ፣ «አፉ በለኝ» አልኩት። ስምንት ዓመት አፌ ውስጥ የቆየ ቃል ነው።

አንቺም «ሰማሁ፣ አክስቴ» አልሽኝ።

ዘጋሁብሽ፤ ማልቀሴን እንዳትሰሚ። እሱንም ሳትሰሚው አልቀረሽም። ሌሊቱን እንደ ሕፃን ተኛሁ፤ ለሱሑር፣ ለጾሙ የሌሊት ምግብ፣ የቀሰቀሰችኝ እኔው ጋ ያረፈችው ፈህሚያ ናት።

ክፍል ስትገቢ ወረቀቱን ሰብስቢባቸው። ልጆቹ ይጩኹ።

አክስትሽ ሐዲጃ